ከማጠብም ከመግዛትም አስቀድሞ ማንበብ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ልጅ ዱቄቱንና ውሃውን ሳይመጥን ያቦካልና። ዳሩ ግን ተረትና ምሳሌ የተነገረው ሰው እንዲያስብበት ነው እንጂ ከማሰብ እንዲያርፍበት ስላልሆነ፥ ሽማግሌ ሁሉ ይህን ቃል ከመናገሩ በፊት ቡሓቃውን ከፍቶ ማየት ይገባዋል። ሳይከፍቱ የፈረዱ ሰዎች ምን እንደሚያመልጣቸው የሚያስረዳ ነገር በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማ ስለ ተደረገ፥ እርሱን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። በዚህ ጽሕፈት የሚጠሩት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1978 ዓ. ም. ገደማ ማንሃታን በሚባለው የኒውዮርክ ክፍል በስተደቡብ በኩል፥ ሠዓሊዎችና የሥዕል ነጋዴዎች በሚኖሩበት ሰፈር፥ በየግድግዳውና በየበሩ ላይ በሚረጭ ቀለም የተጻፉ አጫጭር ቃላት ይታዩ ጀመር። በዚያ ዘመን በከተማይቱ ግድግዳና በምድር ውስጥ ባቡር ላይ የሚጽፉ ወጣቶች እጅግ ብዙዎች ነበሩ፤ የሚበዙት ግን የየራሳቸውን ቅጽል ስም አስጊጠው ከመጻፍ በቀር ሌላ ነገር አይናገሩም ነበር። እነዚህ ቃላት ግን ጌጥ በሌለው ፊደል የተጻፉ ሆነው፥ የይስሙላ ሃይማኖትን፥ የትም የማያደርስ ፖለቲካንና ሐሰተኛ ፍልስፍናን የሚዘልፉ ነበሩ። በግርጌያቸውም «ሴሞ» የሚል ስም ነበረባቸው፤ ትርጓሜውም «ያው የድሮው ነገር» እንደ ማለት ነው። ከስሙም አጠገብ፥ ደራሲ የድርሰቱን መብት የሚያስከብርበት፥ በክብ ውስጥ ያለው ፊደል ይጻፍ ነበር። ይህም፥ ግድግዳው የሌላ ሰው ቢሆንም ቃሉ ግን የእኔ ነው ማለቱ ነው።

የከተማው አስተዳደር በ1972 ዓ. ም. በግድግዳና በባቡር ላይ መጻፍን የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ስለ ነበረ፥ ለዘበኛውና ለጽዳት ሠራተኛው ይህ ሁሉ ታጥቦ የሚጠፋ እድፍ ነበር። በ1978 ዓ. ም. መጨረሻ ላይ ግን ቪሌጅ ቮይስ የተባለ ጋዜጣ ጸሐፊዎቹን ፈልጎ በማግኘት ሁለት ወጣቶች መሆናቸውን ገለጸ። አንደኛው አል ዲያዝ፥ ሁለተኛውም ዣን ሚሼል ባስኪያ ነበሩ። ባስኪያ በዚያው ወር 18 ዓመት ሞላው።

ሰዎች ይህን ወጣት «ከመንገድ የተነሣ ያልተማረ» ይሉት ነበር፤ ዛሬም እንዲህ የሚሉ አልጠፉም። ይህ ግን ስሕተት ነው። ባስኪያ በ1960 ዓ. ም. በብሩክሊን ተወለደ። አባቱ ከሄይቲ አገር የመጣ የሒሳብ ዐዋቂ ነበረ፤ እናቱም ከፖርቶ ሪኮ ሰዎች የተወለደች ነበረች። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ሌላ ፈረንሳይኛና እስፓንኛ ያውቅ ነበር። እናቱ ከሕፃንነቱ ጀምራ ወደ ቤተ መዛክርት እየወሰደች ሥዕል ታሳየው ነበር፤ በስድስት ዓመቱም የብሩክሊን ቤተ መዘክር የሕፃናት አባል ሆኖ ተመዘገበ። በ1968 ዓ. ም. የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ በመንገድ ላይ ሲጫወት አውቶሞቢል ገጨው፤ ክንዱ ተሰበረ፥ ጣፊያውም በቀዶ ሕክምና ወጣለት። በሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት ጊዜ እናቱ የሰውን አካል ክፍል ሁሉ በሥዕልና በስም የሚያስረዳውን፥ ግሬይ የተባለው ሐኪም የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ አመጣችለት። ሌላ ልጅ መጫወቻ በሚቀበልበት ዕድሜ ይህ ልጅ የአጥንትና የጅማት ስም ይቈጥር ነበር። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ሳይፈጽም ከአባቱ ቤት መውጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ትምህርት ቤትን መተውና መማርን መተው አንድ አይደሉም።

ከጓደኛው ጋር ከተለያየ በኋላ «ሴሞ ሞቷል» የሚል ቃል በየግድግዳው ላይ ታየ። ባስኪያም በእጁ የሠራቸውን ፖስታ ካርዶች በመንገድ እየሸጠ ይኖር ጀመር። ሸራ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው በተጣለ በርና በመስኮት ክፈፍ፥ ባገኘውም ቍራጭ እንጨት ላይ ይሥል ነበር። በጁን 1980 ዓ. ም. ታይምስ ስኩዌር በተባለው ሰፈር፥ ሰው በተወው ሕንጻ ውስጥ ብዙ ወጣቶች በኅብረት ሥራቸውን ሲያሳዩ እርሱም አብሮ አሳየ። በፌብሩዋሪ 1981 ዓ. ም. ደግሞ ቀድሞ ትምህርት ቤት በነበረ ሕንጻ በተደረገ ታላቅ ትርኢት ላይ ሥራው የነጋዴዎችን ዓይን ሳበ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በኢጣልያ አገር በሞዴና ከተማ ለብቻው ትርኢት አደረገ፤ የቀረበበትም ስም ገና ሴሞ የሚለው ነበር። ጥቂት ቈይቶ ግን «የካዲላክ ጨረቃ» ብሎ በሰየመው ሥዕል ላይ ሴሞ የሚለውን ስም ጽፎ ሰረዘና የገዛ ስሙን በምልዓት ጻፈ። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅበትም የሚመሰገንበትም ስም አባቱ ያወጣለት ሆነ።

ያን ጊዜ በአሜሪካና በአውሮፓ የነበረው የሥዕል ሥራ ከስሜት ርቆ፥ የሰውም መልክ ጠፍቶበት፥ መስመርና ሐሳብ ብቻ የቀረበት ሆኖ ነበር። ይህን የጠሉ ሠዓሊዎች በጀርመን እንደ ኪፈርና ባዜሊትስ፥ በኢጣልያ እንደ ክሌሜንቴ፥ በአሜሪካም እንደ ሽናብል ያሉት፥ የሰውን መልክና ታሪኩን፥ ኀዘኑንና ቍጣውን በወፍራም ቀለም ወደ ሸራው መልሰው አመጡ። ሊቃውንቱ ይህን አሣሣል ኒዮ ኤክስፕሬሽኒዝም ብለው ጠሩት፤ አዲሱ ስሜት ገላጭ እንደ ማለት ነው። ባስኪያም ከእነርሱ ጋር ተቈጠረ። በ1982 ዓ. ም. በጀርመን በካሰል ከተማ በተደረገው ታላቅ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ሥራቸውን ካቀረቡት ሠዓሊዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እርሱ ነበረ፤ ዕድሜውም 21 ዓመት ነበር።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ እንግባ። እነዚህን የመጀመሪያ ሥዕሎች ተመልክቶ «ሕፃን የሞነጫጨረው ይመስላል» ማለት ቀላል ነው። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፥ ቀለሙ ይፈስሳል፥ ፊደሉም ይዛባል። ነገር ግን ቅኔ የሰማ ሰው ሰሙን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ እንደማይሄድ፥ እዚህም ወርቁን መፈለግ ያሻል።

በ1981 ዓ. ም. የሠራው፥ ዛሬ በሎስ አንጀለስ ዘ ብሮድ በተባለው ቤተ መዘክር የሚገኘው አንድ ታላቅ የራስ ሥዕል አለ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል ነው። የራስ ቅል ነው እንዳይባል ዓይን አለው፤ የሕያው ሰው ፊት ነው እንዳይባል አጥንቱና ጥርሱ ይታያል። ውስጡና ውጭው በአንድነት ተሥለዋል፤ ፊቱም በክር እንደ ተሰፋ ቍስል በመስመር ተያይዟል። ዓይኖቹ ተመልካቹን አያዩም፥ ወደ ታች ያቀረቅራሉ። ይህን የሠራው በሰባት ዓመቱ ሰውነቱ ተከፍቶ የተሰፋ፥ በአልጋው ላይም ሆኖ የአጥንትን መጽሐፍ የተመለከተ ሰው መሆኑን ስናስታውስ፥ መስመሩ ያለ ዕውቀት የተጣለ አለመሆኑን እንረዳለን።

በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው «ነፍስ ወከፍ» የተባለው ሥዕል ነው። እርሱም በ1981 ዓ. ም. የተሠራ ነው። በመካከሉ አንድ ጥቍር ቡጢኛ የግጥሚያ ሱሪውን ለብሶ ቆሟል፤ በእጁ ችቦ ይዟል፥ በራሱም ላይ አክሊለ ብርሃን አለ። በላዩም «ከብዙዎች አንድ» የሚለው የአሜሪካ መንግሥት የላቲን ቃል ተጀምሮ «ከብዙዎች» ላይ ቀርቷል፤ «አንድ» የሚለው አልተጻፈም። በጎኑ ደግሞ የአሜሪካ ግዛቶች ስም በተራ ተዘርዝሮ የእያንዳንዱ ግዛት የነፍስ ወከፍ ገቢ በቍጥር ተጽፏል። ሒሳብ ያዥ የሚያዘጋጀውን ሰንጠረዥ ይህ ወጣት በሥዕል ውስጥ አገባው። የነፍስ ወከፍ ገቢ ማለት የሁሉ ገቢ ተደምሮ ለሰው ሁሉ እኩል እንደ ደረሰ አድርጎ መቍጠር ነው፤ እኩል ያልደረሰው ሰው ግን በዚያ ቍጥር ውስጥ አይታይም። ባስኪያ ቍጥሩን በአንድ ወገን፥ ሰውየውን በመካከል አቁሞ ሁለቱን እንድናስተያይ ይጠይቀናል። ስለ ሰንጠረዥና ስለ ሰው ይህን ያህል ነገር በአንድ ገጽ የሚያስረዳ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ብዙ አናገኝም።

በዚያው ዓመት «የጥቍሩ ፖሊስ ምጸት» ብሎ የሰየመውን ሠራ። ፖሊሱ ትልቅ አካል አለው፤ ፊቱ ግን እንደ ጭምብል ነው፥ ባርኔጣውም የወፍ ጐጆ ፍርግርግ ይመስላል። በበታቹ በሰንጠረዥ ጨዋታ ፊት ለፊት የሚሰለፈው የመደቅ ስም ተጽፏል። መደቅ ሌላውን ይይዛል፥ ነገር ግን የሚያንቀሳቅሰው የተጫዋቹ እጅ ነው። ሥዕሉ የሚያዝንለትም የሚነቅፈውም አንዱን ሰው ነው። ወገኖቹን በማይወድድ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ያንኑ ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው ኀይለኛም እስረኛም ሊሆን እንደሚችል በጥቂት መስመርና በአንዲት ቃል ይናገራል።

ካህናት አንባቢዎቻችንም በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ የሚያውቁትን ነገር ያገኛሉ። በ1982 ዓ. ም. ለሠራው አንድ ሥዕል «የአህያ መንጋጋ» የሚል ስም ሰጠው፤ ይህም በመጽሐፈ መሳፍንት ሶምሶን ፍልስጥኤማውያንን የመታበት ነው። «የተመረዘ ምንጭ» በሚባለው የ1981 ዓ. ም. ሥዕል ደግሞ ራቁቱን የቆመ ሰው በአክሊለ ብርሃን ተከብቦ፥ በአንድ ወገን እባብ፥ በሌላውም ወገን የሞተች ላም አጥንት ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል አክሊለ ብርሃን የሚደረገው ለቅዱሳን ነው፤ በሥዕሉም አጠገብ ስማቸው ይጻፋል። ባስኪያ አክሊሉንም ስሙንም ለቡጢኞች፥ ለሙዚቃ ሰዎችና ለመንገድ ሰው ሰጠ። ይህን ድፍረት ነው የሚል ቢኖር አንከራከረውም፤ ነገር ግን ክብር የተነፈገውን ሰው ማክበር ፈልጎ በእጁ ያለውን የክብር ምልክት ሁሉ እንደ ተጠቀመ ማስተዋል ይገባል። ሦስት ጫፍ ያለው ዘውዱም በየሥዕሉ የሚመላለሰው ስለዚህ ነው።

ደግሞም ቃልን ጽፎ ይሰርዛል። ጸሐፊ ቃል ሲሰርዝ ስሕተት መሆኑን ያስታውቃል፤ ባስኪያ ግን የሚሰርዘው አንባቢ ቃሉን ይበልጥ ትኵር ብሎ እንዲያየው መሆኑን ራሱ ተናግሯል። በ1982 ዓ. ም. «ቀዳማዊ ቻርልስ» ብሎ የሠራው ሥዕል በ34 ዓመቱ በ1955 ዓ. ም. ለሞተው ለጃዝ ሙዚቃ ሊቅ ለቻርሊ ፓርከር መታሰቢያ ነው፤ ስሙ ግን በ1649 ዓ. ም. አንገቱን የተቈረጠውን የእንግሊዝ ንጉሥ ያሳስባል። በግርጌውም ወጣቶች ነገሥታት ብዙዎቹ አንገታቸው እንደሚቈረጥ ጽፎ «ወጣቶች» የሚለውን ቃል ሰርዞታል። ይህን ሲጽፍ 21 ዓመቱ ነበር። ስለ ሌላው የተናገረው በራሱ ላይ እንደሚደርስ ግን በዙሪያው የነበሩት አላነበቡትም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሰው ግድግዳ የሰው ገንዘብ ነው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መጻፍም ጥፋት ነው። ይህን አንክድም። በግድግዳ ላይ የሚጻፈውም ሁሉ ጥበብ አይደለም፤ አብዛኛው እድፍ ነው። ነገር ግን ጥፋቱን መቅጣትና ቃሉን አለመስማት፥ ወይም እጁን መያዝና ሰውየውን ማጥፋት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በሴፕቴምበር 15 ቀን 1983 ዓ. ም. ማይክል ስቱዋርት የተባለ የ25 ዓመት ጥቍር ወጣት በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ ጽፏል ተብሎ በባቡር ፖሊሶች ተያዘ፤ ራሱንም ስቶ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፥ በዚያው ወር በ28 ቀን ሞተ። ስድስት ፖሊሶች ተከስሰው በ1985 ዓ. ም. በነጻ ተለቀቁ። ባስኪያ ይህን በሰማ ጊዜ ይህ ዕጣ የእኔም ሊሆን ይችል ነበር ብሎ እጅግ ታወከ፤ በወዳጁ በሠዓሊው በኪት ሄሪንግ መሥሪያ ክፍል ግድግዳ ላይም ሁለት ፖሊሶች ዱላ አንሥተው በመካከላቸው ጥቍር ጥላ የመሰለ ሰው ቆሞ ሣለ። ሄሪንግ ከዚያ ቤት ሲለቅቅ ያን የግድግዳ ክፍል ቈርጦ ወሰደውና በወርቅ በተቀባ ክፈፍ አስገብቶ እስኪሞት ድረስ ጠበቀው። ይህ ሥዕል በ2019 ዓ. ም. በኒውዮርክ በጉገንሃይም ቤተ መዘክር ለሕዝብ ታይቷል።

ያላነበቡት ግን አጣቢዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ ገዢዎቹም ነበሩ። በ1981 ዓ. ም. ሥዕሉን የምትሸጥለት ነጋዴ ከመሸጫ ቤቷ በታች ባለው ምድር ቤት መሥሪያ ሰጠችው፤ ሸራና ቀለምም ገዛችለት። ይህ መልካም ነገር ነበር፤ ነገር ግን ሰዎች ወጣቱ በምድር ቤት ተዘግቶበት ይሥላል እያሉ ማውራት ጀመሩ። እርሱም ነጭ ብሆን ኖሮ የቤቱ ሠዓሊ ይሉኝ ነበር ሲል መለሰ። ሥዕሎቹ ቀለማቸው በቅጡ ሳይደርቅ ይሸጡ ነበር። ገንዘብ በድንገት መጣ፤ ገንዘቡን ተከትሎም ሄሮይን የተባለው ክፉ መድኃኒት መጣ። በኦገስት 12 ቀን 1988 ዓ. ም. በ27 ዓመቱ በዚሁ መድኃኒት ምክንያት ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት በሜይ ወር የከተማው ባቡር መሥሪያ ቤት ባቡሮቹ ከጽሕፈት ሁሉ መጽዳታቸውን አስታወቀ።

በ1982 ዓ. ም. የሠራው አንድ የራስ ሥዕል በ1984 ዓ. ም. በሐራጅ 19 ሺህ ዶላር ተሸጦ ነበር። ይኸው ሥዕል በሜይ 2017 ዓ. ም. በኒውዮርክ በሶዝቢ ሐራጅ ቤት 110.5 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። በመካከሉ ባሉት 33 ዓመታት በሥዕሉ ላይ አንድም መስመር አልተጨመረበትም። ስለዚህ ዋጋ ፍርድ አይደለም። በ19 ሺህ የገዛው ሥዕሉን ካላነበበ አላወቀውም፤ በ110 ሚሊዮን የገዛውም ካላነበበ እንዲሁ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፥ ያ ሁሉ ገንዘብ የመጣው ባለቤቱ ከሞተ ከ29 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ምንድር ነው ብንል፥ ብሩሹን የያዘው ዘበኛና ቦርሳውን የያዘው ነጋዴ ጠላቶች ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፤ ሁለቱም የተጻፈውን ለማንበብ አልቈዩም። ዘበኛው ግድግዳውን ብቻ አየ፥ ነጋዴውም ዋጋውን ብቻ አየ። በመካከል የነበረው የ20 ዓመት ሰው ግን ስለ ድኻ ገቢ፥ ስለ ፖሊስ፥ ስለ ተሰበረ ሰውነትና ስለ ወጣት ነገሥታት ሞት በግልጽ ጽፎ ነበር፤ ፊደሉ ስለ ተዛባ ነገሩ የተዛባ መሰላቸው።

ሥልጣን የተሰጠው ሰው ሊያጠፋው ያሰበውን ጽሑፍ አስቀድሞ ያንብብ፤ አንብቦ ማጥፋት የሚገባው ሆኖ ቢያገኘው ያን ጊዜ ያጥፋ። ሀብት የተሰጠው ሰውም የወጣቱን ሥራ ሲገዛ ስለ ወጣቱ ደኅንነት ይጠይቅ፤ ሥራው የሚወደደው ሠሪው በሕይወት ሳለ ነውና። በመጻሕፍት የሠለጠነውም ሊቅ፥ በብራና ላይ የደበዘዘ ፊደል ሲያጋጥመው ዓይኑን አቅርቦ እንደሚመለከት ሁሉ፥ በመንገድ ዳር ያለውንም ፊደል ሳያነብብ «ልጅ ያቦካው ነው» ብሎ አይለፍ። ምናልባት ለራት ይበቃ ይሆናል፤ ቡሓቃውን የከፈተ ብቻ ያውቀዋል።